ካሜራሽን መዝጋት ትችያለሽ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ሳንጻጻፍ ስንት ፋሲካ አለፈ! የመጻፉ ተራ የማን እንደነበር አንቆጣጠር። ወሬሽን ከወንድምሽ እሰማለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ መሥራት ከጀመርሽ ወዲህ «ከኮምፒውተሩ በቀር የሚያናግረኝ የለም» ብለሽዋል አሉ። ይህን ስሰማ መጻፍ አለብኝ አልኩ። እኔም እዚህ አያት ሰፈር ቤቴ ሆኜ ማኒላና ሊዝበን ካሉ ሰዎች ጋር ነው የምሠራው።

የሚጎድለን ስብሰባ አይደለም፤ ስብሰባማ ሞልቷል። የሚጎድለን ከሥራ ውጪ ያለው ወሬ ነው፤ ቢሮ ሳለን ደረጃ ላይ፣ ምሳ ሰልፍ ላይ የምናወራው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶማስ አለን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሐንዲሶችን አጥንቶ፣ በሁለት ሰዎች ጠረጴዛ መሃል ያለው ርቀት 50 ሜትር ገደማ ሲደርስ መነጋገራቸው እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያውም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ! የእኔና የማኒላዋ ልጅማ አይነሳ። ቢሮ ውስጥ እንዲያው የሚመጣው ወሬ፣ ለእኛ ካልታሰበበት አይመጣም።

ለሥራ መልእክት የምንላላክበት ስላክ ላይ ዶናት የሚባል መተግበሪያ ገጥመናል። በየጊዜው ሰው ከሰው ያጣምርና «ተዋወቁ» ይላል፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ ማን እንደሚደርስሽ አታውቂም። ማሽን የመደበው ወዳጅ ብዬ ስቄ ነበር። የሊዝበኑ ሰውዬ ግን በዚያ ነው የደረሰኝ። ስለ ሥራ ላናነሳ ተስማምተን ስለ እናቶቻችን ስናወራ ሰዓቱ አለቀ። ድሮ ሥራዬ ላይ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሲጽፍ የተቆጣ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን በራሱ ድምፅ ነው የማነበው። ጽሑፉ ያው ነው፣ ሰውየውን ስላወቅሁት ነው።

ማሽኑ ያስተዋውቃል እንጂ ወዳጅነቱን አይቀጥልልሽም። ጊዜም ይፈልጋል፣ ያውም የሥራ ጊዜ። ቢሮ የሌለው የሶፍትዌር ኩባንያ ጊትላብ የቡና ወሬን ለሁሉም ክፍት በሆነው መመሪያው ላይ ጽፎታል፤ አዲስ ገቢዎችንም ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲያወሩ ያበረታታል። በዕረፍትሽ አድርጊው ከተባልሽ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረብሽ ማለት ነው።

ዓርብ ዓርብ ቡድኑ በቪዲዮ ተገናኝቶ የሚጫወተውን እንኳ አልወደድኩትም። እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ማኒላ እኩለ ሌሊት ነው፤ ልጅቷ እያዛጋች ነው «የምትዝናናው»። አሁን ሁለታችን አጫጭር ድምፅ እንላላካለን፤ እሷም ሲነጋ ትሰማለች፣ እኔም መብራት ሲመጣ። ክረምታችን ስለሚገጥም የቆርቆሮውን ዝናብ ቀድቼ ላክሁላት፤ የእነሱ እንደሚብስ ለማሳየት የራሷን መለሰችልኝ!

አንቺም መላውን ቡድን አታስቢ፤ አንድ ሰው ምረጪ። አለቃሽን ከሥራ ሰዓትሽ ግማሽ ሰዓት ጠይቂያት። ፊትሽን ማሳየት ካስጠላሽ ካሜራሽን ዝጊው፤ በስልክ እየተራመድሽ ማውራት ይሻላል።

የቴሌግራም ቁጥሬ አልተቀየረም። ልጆቹ ከኋላ እየጮሁም ቢሆን ድምፅ ላኪልኝ፤ ለወንድምሽ ያልነገርሽውንም ጨምሪበት።

ያንቺው እህት፣ ከአዲስ አበባ