ገዳዩን ከመጀመሪያው እያወቅን

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ ላይ አንተ ቶሎ "በይ ደህና ሁኚ፣ ሂሳቡ ይቆጥርብሻል" ትላለህ፤ እኔም የምለው ይጠፋኛል። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ጋሼ በትልልቅ ፊደል አትሞ ይሰጥሃል። ሰው አያንብብልህ፤ መነጽርህን አድርገህ ራስህ አንብበው።

ከልጆቹ ልጀምር። ትልቋ በቁመት በልጣኛለች፣ ጫማዬንም ወርሳለች። ትንሹ ደግሞ ደስ ይበልህ፣ ያ የምትወደው የመርማሪ ፖሊስ ተከታታይ ፊልም፣ ኮሎምቦ፣ ይዞታል። መጀመሪያ ቀን "እማዬ፣ ገዳዩን ከጅምሩ ካሳዩን ታዲያ ምኑን ነው የምናየው?" አለኝ። ያንተኑ መልስ ሰጠሁት፦ ጨዋታው ማን ገደለ አይደለም፣ እንዴት ይያዛል ነው። አሁን ካፖርቴን ደርቦ ይመጣና ሪሞቱን ማን እንደደበቀ ይመረምረኛል። ጠይቆ ጠይቆ ይወጣል። ተገላገልኩ ስል በሩ ጋ ዞር ይልና ጣቱን ቀስሮ "አንዲት ነገር ብቻ…" ይላል። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ይህቺን ኮሎምቦን ሆኖ ከሠራው ከፒተር ፎልክ ሳይሆን ካንተ የወሰዳት ነው የሚመስለኝ።

በእሱ ሰበብ እኔም ተመልሼ ገባሁበት። በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) የወጣውን የመጀመሪያውን ተከታታይ ክፍል ታስታውሰዋለህ? ያ ሁለቱ የወንጀል ደራሲዎች ያሉበት። ዳይሬክት ያደረገው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው፤ ገና የ24 ዓመት ልጅ ሳለ። መክፈቻው ላይ ሙዚቃ የለም። አንድ መኪና በሎስ አንጀለስ ጎዳና ይመጣል፣ የሚሰማው ግን የታይፕ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አንደኛው ደራሲ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጽፋል፤ ሸሪኩ ሊገድለው እየመጣ ነው። ማንም ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኛ ግን ሆዳችን ተረብሿል።

"ሰውየው የሚያሸንፈው ስለሚናቅ ነው" ትል ነበር። አሁን ሳየው እውነትህን ነው። ገዳዮቹ ሐኪም፣ የኦርኬስትራ መሪ፣ የወይን ጠጅ አምራች ናቸው። ቪላቸው ሰፊ፣ አነጋገራቸው የተሞረደ። እሱ በተጨማደደ ካፖርት፣ ልትበታተን በደረሰች ፔጆ 403 ከተፍ ይላል። ካፖርቱ እኮ የፎልክ የራሱ ነው፣ ከቤቱ ያመጣው። ሽጉጥ አይዝም። በየደረሰበት ስለ ሚስቱ ያወራል፣ እኛ ግን አንድም ቀን አላየናትም። ከ1968 እስከ 2003 ድረስ 69 ፊልም ተሠርቷል፤ አንተ ከ1989 ወዲህ ያለውን "እሱ ትርፍ ነው" ትላለህ። እስማማለሁ። ተዋናዩ ፓትሪክ ማክጉሃን ያለበትን ግን አላስነካም።

ስኳርህን ትለካለህ? ጋሼ ጠዋት ላይ ኪኒንህን ወስደህ እንደገና ልትወስድ ስትል እንዳገኘህ ነግሮኛል። የቀን ስም የተጻፈበት ሳጥን ልኬልህ ነበር እኮ፣ የት ደረሰ?

ሰሞኑን ደግሞ ያችን የ1975ቷን አየናት፣ "የተረሳችው እመቤት"ን። ያንተን። ጃኔት ሌይ ግሬስ ዊለርን ሆና የምትሠራበት። ግሬስ ዊለር ድሮ ስሟ የገነነ ተዋናይ ነበረች፤ ወደ መድረክ ልመለስ ትላለች። ሐኪሙ ባሏ ገንዘቡን አልሰጥም ይላታል። ትገድለውና ራሱን ያጠፋ ታስመስለዋለች። በዚያ ሰዓት ቤቴ ተቀምጬ የድሮ ፊልሜን እያየሁ ነበር ትላለች። ፊልሙ ግን ማለቅ ካለበት ሰዓት ዘግይቶ ነው ያለቀው። መሃል ላይ ተበጥሶ ነበር፤ እውነት ቁጭ ብላ እያየች ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትቀጥለው ነበር። ኮሎምቦ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው የደረሰባት።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ለካ አእምሮዋ ታሟል። መግደሏን ራሱ አታስታውስም። የቀራት ዕድሜ ምናልባት ሁለት ወር ነው። የድሮ የዳንስ ጓደኛዋ ኔድ ብድግ ብሎ "የገደልኩት እኔ ነኝ" ይላል። ኮሎምቦ ይህ ቃልህ ቶሎ ይፈርሳል ሲለው፣ ሁለት ወር ይፈጅ ይሆናል ብሎ ይመልስለታል። ኮሎምቦም ዝም ይልና፣ አዎ፣ ይፈጅ ይሆናል ይላል። በቃ። ሴትየዋ የራሷን የድሮ ፊልም እያየች ትቀራለች።

እዚያ ላይ ሁልጊዜ ዓይንህን ትጠርጋለህ። "ብናኝ ነው" ትላለህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ "አየሽ፣ ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም" ትለኛለህ።

እኔ ግን ዘንድሮ ያየሁት ባልየውን ነው። ገንዘቡን የከለከላት ሰስቶ አይደለም። መታመሟን ያውቃል። እንዳትደነግጥ ብሎ አንዲት ቃል አልነገራትም። እሷ ያየችው እንቢታውን ብቻ ነው። ለራሷ ሕመም እሷ ብቻ ባዕድ ሆነች።

አባዬ፣ የእማዬን ነገር አንስተን አናውቅም። ስደውል "ተኝታለች" ትለኝ ነበር። ሌላ ቀን "ጉንፋን ቢጤ ነው"። ጋሼ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ባለ ሱቁ ሳይቀር ያውቃል። ፈተና ላይ ስለነበርሽ ነው አላችሁኝ። ባዕድ አገር ብቻሽን እንዳትደነግጪ ብለን ነው አላችሁኝ። ሁላችሁም ታሪኩን ከጅምሩ ስታዩት እኔ የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው። ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱን ለማን ላሳይ?

አልወቅስህም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እወቅስሃለሁ። ሁለት ሥራ ሠርተህ እዚህ እንዳደረስከኝ ጠፍቶኝ አይደለም። እሱን ለማንም እናገራለሁ፣ ለልጆቼም። ይሄኛው ግን አልወጣልኝም።

አሁን ደግሞ ጋሼ ነገረኝ። እንዳትቆጣው፣ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያስለፈለፍኩት። ምድጃው ሳይጠፋ ስለማደሩ። ስንት ዘመን ከሄድክበት መንገድ ሰው መርቶ ስላመጣህ። እኔም ራሴ እየሰማሁ ነው አባዬ፤ በአንድ ስልክ ያንኑ ወሬ ደግመህ ታወራልኛለህ፣ እኔም እንደ አዲስ እስቃለሁ።

በቀደም ፎልክ በምን ሞተ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፣ ወደ ልጆቹ ወሬ ወሰድኩህ። በሰኔ 2011 ነው የሞተው፣ በ83 ዓመቱ። አልዛይመር፣ የመርሳት በሽታው ነበረበት። በ2009 ሐኪም ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ኮሎምቦን መጫወቱን እንኳ አያስታውስም ብሎ መስክሯል። ይኸው ነገርኩህ። ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ያንተም እሱ ነው እያልኩ አይደለም። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያስረሳል። የታይሮይድ ችግር ያስረሳል። ድብርትም፣ አንዳንድ መድኃኒትም እንዲሁ። ያ ለዓመታት የወሰድከው የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን፣ ደግሞ ቢ12ን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ይሄ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር ነው፤ ከተገኘም ይታከማል። ካልሆነም አይሆንም፤ እናውቀዋለን። "እርጅና ነው" ብለህ እንዳትዘጋብኝ።

ጋሼ ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዞልሃል። ኪኒኖችህን በሙሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያቆምካቸውንም ጭምር። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ጋሼ ይመልስ፤ አንተ ቀልድ ታበዛለህ። እስከዚያ ምድጃውን አትንካ። ስትወጣም ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ያዝ፤ የጋሼን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ክተት።

ውጤቱን ጋሼ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ከፎቶው በፊት ግን አንተ ደውልልኝ። ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ። ክፉም ይሁን ደግ፣ "ጉንፋን ቢጤ ነው" እንዳትለኝ።

ልጆቹ ጉልበትህን ይስማሉ።

ልጅህ