ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለዚያ ስቲከር

ይድረስ ለልጄ፣

ፊት ለፊት ብነግርሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ ወደ ስልክሽ ትመለሻለሽ። አውቅሻለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ማታ የክፍላችሁን የቴሌግራም ግሩፕ እየሳቅሽ አሳየሽኝ። ከሊሙ በኩል የመጣችው አዲሷ ልጅ ፎቶዋ ስቲከር ሆኗል። አማርኛ ስትናገር አስመስለው ጽፈውበታል። የሠራው አንድ ልጅ ነው። ከሥሩ የተደረደረው፣ በሳቅ የሚያለቅሰው ቢጫ ፊት ግን ብዛቱ! አንዱ ያንቺ ነው። "እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም፣ ዝም ብዬ ነው የሳቅኩት" አልሽኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ሳቅ ነው። ልጁ ለብቻው አይቶ የሚረካ ቢሆን ግሩፕ ላይ አይለጥፈውም ነበር። የፈለገው እናንተን ነው። የሚስቅ ከሌለ ሙድ መያዝ ምን ይጥማል?

ቶሮንቶ ውስጥ ተመራማሪዎች ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ሲጫወቱ በካሜራ ቀርጸው ነበር፤ ጥናቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አንዱ ሌላውን ሲያጠቃ ብዙውን ጊዜ ቆመው የሚያዩ ልጆች ነበሩ። ጣልቃ የገቡት ግን ከ5 ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው። በገቡበት ጊዜ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቃት በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስቢው፣ 10 ሰከንድ!

"ቀልድ ነው" ትይኝ ይሆናል። ተማሪ ተማሪን ማጥቃቱን ለብዙ ዓመታት ኖርዌይ ውስጥ ያጠና ዳን ኦልዌየስ የሚባል ሰው ነበር። ጥቃት ነው ለማለት እሱ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ሆን ተብሎ መደረጉን፣ መደጋገሙንና የአቅም አለመመጣጠኑን። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ። መጀመሪያ ቅጽል ስም አወጡላት። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ ስታነብ መሳቅ መጣ። አሁን ደግሞ ስቲከር። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይምሰልሽ። አንቺ ከኬጂ ጀምሮ አብረውሽ ያደጉ ጓደኞች አሉሽ። እሷ አክስቷ ቤት ነው ያለችው፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማንም የላትም።

አነጋገሯንማ ተይው። አንቺ አፋን ኦሮሞ ስትናገሪ የጅረኗ አክስትሽ ፈገግ ትላለች። ግን ስቲከር አልሠራችብሽም፤ እንዲያውም ቡናውን ደግማ ትቀዳልሻለች።

ከልጁ ጋር ግብግብ ግጠሚ አልልሽም። መጀመሪያ ስክሪንሻት አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ኋላ "አላደረግኩም" ይመጣል። ከዚያ ሳቅሽን አንሺና እዚያው ግሩፕ ላይ "ይሄ ደስ አይልም፣ አጥፋው" በይ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አንድ ሁለት ጓደኞችሽ ቀድመው ቢስማሙልሽ ደግሞ ብቻሽን አትሆኚም። እሷንም በዕረፍት ሰዓት አጠገብሽ አስቀምጫት። ለምክር አይደለም፤ ዝም ብላችሁ ሳምቡሳችሁን ብሉ።

ካልቆመ ለክፍል ኃላፊያችሁ ንገሪ። አሳባቂ እንዳይሉሽ እንደምትፈሪ ይገባኛል። ግን ይህ እስክሪብቶ ወሰደብኝ ብሎ መክሰስ አይደለም፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት መምጣት እያስጠላት ነው።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። እኛ አገር ሁለቱን ጠርቶ "በሉ ተሳሳሙ፣ ታረቁ" ማለት ይቀናናል። እኩል ለተጣሉ ደግ ነው። እሷ ግን አልተጣላችም። አጥቂዋ ፊት ቆማ "ይቅር ብዬዋለሁ" እንድትል ማስገደድ ሌላ ማሸማቀቅ ነው። እሷን ለብቻዋ፣ ልጁንም ለብቻው ያናግሯቸው። ዱላም አልፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ መብቱ ለዚያ ልጅም ነው። ደግሞም የተገረፈ ልጅ ብድሩን ከበር ውጭ እሷ ላይ ነው የሚመልሰው። ስቲከሩን ያጥፋ፣ ወላጁ ይጠራ፣ መምህሩም ከሳምንት በኋላ እንዴት እንደሆነች ይጠይቃት።

ዩኒት ሊደሩ ጋ መሄድ ካስፈለገ እኔ እመጣለሁ። ከሰዓት መርካቶ ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል ሱቁን ለእናትሽ ትቼ መውጣት እችላለሁ። ልጅቷ የምትኖረው ቆጪ ሰፈር ከሆነ መንገዳችሁ አንድ ነው፤ የባጃጁን ሒሳብ ለሁለት ሰው እሰጥሻለሁ።

አባትሽ
ጅማ