ዱቤ ስለዘጋንባቸው አምስት ቀናት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት አምስት ቀን ሙሉ ዱቤ በመዝጋታችን ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። በየካቲት፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሚጠብቅ ሰው «ደረሰኝህን ፈልገህ ና» ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለምን እንደዘጋሁ ግን ስሙኝ።

ይህ መደብር ሲከፈት የነበረው አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ካርቶን ሚስማርና አንድ ደብተር ነበር። ደብተሩ አልበቃ ሲል ልጄ ማይክሮሶፍት አክሰስ በተባለው ፕሮግራም መዝገብ ሠራችልኝ። አንዱ ሠንጠረዥ ስማችሁን፣ ሁለተኛው የወሰዳችሁትን ዕቃ፣ ሦስተኛው የከፈላችሁትን ይይዛል። ሦስቱን የሚያዛምዳቸው የደንበኛ ቁጥር ነው፤ ከዕቃው አጠገብ ስም አይጻፍም።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስሞቹን በፊደል ተራ ላስቀምጥ ብዬ ኤክሴል ወደተባለ ሌላ ፕሮግራም ወሰድኳቸው፤ ደርድሬም ያለ ቁጥራቸው መለስኳቸው። የድሮውን ሠንጠረዥ ልሰርዝ ስል አክሰስ መጀመሪያ ሠንጠረዦቹን በቁጥሩ የሚያያይዘው ዝምድና መሰረዝ እንዳለበት ነግሮ፣ ልሰርዘው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አዎ አልኩት። ከዚያ ለ412 ደንበኞች ከ1 ጀምሮ አዲስ ቁጥር አደለ። የዕቃው ሠንጠረዥ ግን እስከ 438 የሚደርሰውን የድሮ ቁጥር እንደያዘ ቀረ፤ የተሰረዘ ደንበኛ ቁጥር ለሌላ ስለማይሰጥ ከሰዉ ብዛት ይበልጣል። ከ412 በላይ በሆነ ቁጥር የተመዘገበው ዕዳ ባለቤት አጣ። እርሱስ ባልከፋ፣ ጉድለቱ ይታያል። የከፋው የአንዱ ዕዳ በሌላው ስም በጸጥታ መቀመጡ ነው። ከእነዋሪ የመጡ አንድ አባት ሁለት ኪሎ ሚስማር ወስደው የአርባ ቆርቆሮ ዕዳ ተነገራቸው።

በአዲሱ ቁጥር መልሼ ባዛምደው ስህተቱን ማጽደቅ ይሆን ነበር። በመስከረም ያስቀመጥነውን የመዝገቡን ቅጂ እንዳለ ብመልሰው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የከፈላችሁት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከቅጂው የድሮ ቁጥሮችን ብቻ ወሰድን። ከመስከረም በኋላ የተመዘገቡት የ37 ሰዎች ቁጥር ግን በእጃቸው ካለው ደረሰኝ በቀር የትም አልነበረም። በዚህ መሐል ዱቤ ብሰጥ እያንዳንዱ ሽያጭ በሌላ ሰው ላይ ይጻፍ ነበር።

«በስም አታውቀንም ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ይህ ቆርቁሮኛል። እኔማ መልካችሁንም፣ የስንቶቻችሁን ልጆች ክርስትናም አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ግን ኃይሉን፣ ሃይሉንና ሐይሉን ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል፤ በስምም በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ደንበኞችን ደግሞ አንድ ሰው።

የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቆርቆሮ በስንት እንደማስገባ ባልናገር ይሻላል። ዱቤ ጨርሰው የተዉ መደብሮች አሉ። እኔ የዘጋሁት አምስት ቀን ነው።

አሁን ዝምድናው ተመልሷል። ባለቤት የሌለው ዕዳ እንዳይመዘገብ፣ ዕዳ ያለበት ደንበኛም እንዳይሰረዝ ፕሮግራሙ ራሱ ይከለክላል። ቅጂውም በየማታው በፍላሽ ይወሰዳል። ደረሰኝ ያላመጡ ዘጠኝ ሰዎች ቀርተዋል፤ እባካችሁ በዚህ ሳምንት ብቅ በሉ። የእነዋሪው አባትም ይምጡልን። የሚስማሩን ሒሳብ ያን ጊዜውኑ ከፍለው እንደነበር ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ አግኝተነዋል።

አክባሪያችሁ፣
የመደብሩ ባለቤት
ደብረ ብርሃን