ሰባት ሌሊት፣ አንድ ከተማ

አንቺዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በስልክ ልጻፍላት እልና ሁለተኛው መስመር ላይ እቆማለሁ። ሁለት ዓመት ጠፍቶ «ሰላም ነሽ?» ብሎ መላክ ከበደኝ። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ።

ሰበብ አልደረድርልሽም። ኦፕራሲዮን ልትገቢ መሆኑን የጻፍሽልኝን መልእክት የዚያኑ ቀን አይቼዋለሁ። ማታ ተረጋግቼ እደውልላታለሁ አልኩ። ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ነገ አልኩ። ሳምንት ሲሞላው ማፈር ጀመርኩ። ወር ሲሆን ደግሞ ሐፍረቱ ራሱ ስልኩን አላስነሳ አለኝ። በምትፈልጊኝ ሰዓት አጠገብሽ አልነበርኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህትዬ። ይህን ሳልል ሌላ ወሬ ማውራት አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህትሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ጤናሽ እንደተመለሰ ስትነግረኝ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቀጥላ ግን «እንቅልፍ የላትም፣ ሥራው ፋታ አልሰጣትም» አለችኝ። እቤት እስክደርስ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሕር እንሂድ። ሁለታችን ብቻ፣ አንዲት ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ሰባት ሌሊት።

ያንን የድሮ ጉዟችንን አስቢው። በአምስት ቀን አራት ከተማ! ሻንጣ ስንከፍትና ስንዘጋ ነው ያለቀው። ባሕሩን በብዛት ያየነው በመኪና መስኮት ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ በማይረባ ነገር ተጣላን። አሁን ሳስበው ደክሞን ነበር እንጂ የሚያጣላ ነገር አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ጉዞ እኔ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቀን ማታ ነው። እግራችንን ውሃ ውስጥ ከተን፣ ምንም ሳንነጋገር የተቀመጥንበት ያ አንድ ሰዓት። ማዕበሉ በተመለሰ ቁጥር አሸዋው ከተረከዛችን ሥር ሲሸሽ፣ እግራችን ቀስ እያለ ሲሰምጥ ትዝ ይልሻል? አንቺ ቁልቁል እያየሽ ነበር፣ እኔም አንቺን። አሁን የምፈልገው ያንን ሰዓት ነው። ሌላውን ሁሉ አውጥተን እሱን ብቻ እናስፋው።

ስለዚህ በእኔ ሐሳብ አንድ ቦታ ደርሰን እዚያው እንቀመጣለን። ከአምስት ሌሊት በታች ከሆነ አልስማማም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነት ገና ከሥራ አልወጣም፤ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅስሽ ትነቂያለሽ፣ እጅሽ ስልክ ይፈልጋል። እረፍት የሚጀምረው ከሦስተኛው ቀን ነው። ብዙ ሰው ደግሞ በዚያን ቀን ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው።

ጊዜውን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ አድርጌዋለሁ። የቤተሰቡ ግርግር ያኔ ይቀንሳል፣ ክፍልም ይረክሳል። ውሃው ይቀዘቅዛል ብለሽ አትስጊ። ባሕር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚበርደው። አየሩ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። እንደውም የሙቀቱ ወቅት ገና ሲገባ ከመሄድ፣ ሲወጣ መሄድ ይሻላል።

ክፍሉን በተመለከተ ጠንቃቃ ሆኛለሁ። ያኔ «ባሕር ያሳያል» ተብለን የገባንበት ማረፊያ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ነበር። አሁን ቦታውን በካርታ ላይ ራሴ አየዋለሁ። ከበሩ እስከ ውሃው በእግር ከአሥር ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ክፍል ተመልሶ ጋደም ማለት ካልተቻለ፣ ባሕር ያደክማል እንጂ አያሳርፍም። ክሊኒክና ፋርማሲ ከተማው ውስጥ መኖራቸውንም አጣራለሁ። ይህ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለሁለታችንም ነው። ትንንሽ ከተሞች ግርግሩ ሲያልፍ በጊዜ ስለሚዘጉ፣ ሳይመሽ ብንደርስ ይሻላል።

ደግሞ ጫማሽን አልረሳሁትም። አሸዋው ላይ አስቀምጠሽው በእግር ሄድን፣ ስንመለስ ቦታው ሁሉ ውሃ ነበር። ያኔ ሌባ መስሎን ነበር! ለካ ባሕሩ ሞልቶ ነው። አብዛኛው ጠረፍ ላይ ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ይብሳል። እንደ ሜዲትራኒያን ባለ በየብስ በተከበበ ባሕር ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ካናዳ ያለው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን አንዳንድ ቦታው ላይ ከ15 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። የሙላቱ ሰዓት ዝርዝር አስቀድሞ ስለሚወጣ፣ ቀን የምናወጣው በእሱ ይሁን። ውሃው ሲጎድል እርጥቡ አሸዋ ይጠጥራል፣ ለእግር ጉዞ እንደዚያ የሚመች የለም። ጎህ ሲቀድ ከጎደለልን ደግሞ ሰማዩ አሸዋው ላይ እንደ መስታወት ሲታይ ታያለሽ።

መዋኘት እንደምትወጂ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ማዕበል በሚሰበርበት ጠረፍ፣ መሐል ላይ ዝም ያለ የሚመስል ቦታ ካየሽ እዚያ እንዳትገቢ። ደህና የሚመስለው እሱ ብዙ ጊዜ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት መስመር ነው፣ ይዞ ይሄዳል። ድንገት ከያዘሽ ከእሱ ጋር አትታገዪ። ከጠረፉ ጎን ለጎን ዋኚ፣ መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ትወጫለሽ። ከደከመሽ ተንሳፈፊና እጅሽን አንሺ። ዋና ጠባቂ ባለበት እንጂ ሌላ ቦታ አንገባም።

ፀሐዩን ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት እንሸሸዋለን። ሰንስክሪን እኔ እይዛለሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ እቀባሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይመጣል። መሬቱ ከባሕሩ ፈጥኖ ስለሚሞቅ የመሬቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው የባሕር አየር በቦታው ይገባል። ነጠላም ይሁን ሹራብ፣ ትከሻሽ ላይ የምትጥይው ነገር ያዢ። ላፕቶፕ ግን አትያዢ፣ እለምንሻለሁ።

ማታ ማታ ምን እንደምናደርግ አላቀድኩም። ወሬ አለን። ሆስፒታል ያሳለፍሽውን ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ሁሉንም እሰማለሁ፣ አሁን እንኳ ቢሆን። ዝም ማለት ከፈለግሽም አብሬሽ ዝም እላለሁ።

የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ክፍሉን ይዣለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለ ክፍያ መሰረዝ ይቻላል። ስለዚህ ለእኔ ብለሽ አትጨነቂ፤ ካልተመቸሽ ወይም ገና ከእኔ ጋር መሄድ ከከበደሽ ይገባኛል፣ ለደብዳቤዬ ግን መልስ ጻፊልኝ።

ከመጣሽ ንገሪኝ፦ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ይሁን ወይስ የየራሳችን? መስኮት ጋ ያለው አልጋ ያንቺ ነው።

የምትናፍቂኝ፣
ጓደኛሽ