ኩላሊት ለተተከለላቸው ሕሙማን የፈንገስ መድኃኒት ሳይጠየቅ አይሰጥ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ከወንድም ወይም ከእናት ኩላሊት ተቀብለው ወደ ወሎ የተመለሱ ሕሙማን በደሴና በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች ደንበኞቻችን ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች ሰውነታቸው የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃው እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። መድኃኒቶቹ የመከላከል አቅማቸውን ስለሚቀንሱ፣ ጤነኛውን የማይነካ ፈንገስ እነርሱን ክፉኛ ሊያሳምማቸው ይችላል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ምላሱ ነጭ ሆኖ፣ ምግብ ሲውጥ እያመመው፣ ፍሉኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት የተጻፈበት ማዘዣ ይዞ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠይቀው ከፌስታሉ የታክሮሊመስ እንክብሎችን አወጣ፤ ያዘዘለት ባለሙያ ግን ይህን አልጠየቀውም ነበር። ፍሉኮናዞል ለሕመሙ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። ችግሩ ፍሉኮናዞል ጉበት ታክሮሊመስን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ብሎ እጅ ማንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ያንኑ በስንት መከራ የተገኘውን ኩላሊት መጉዳት መጀመሩ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የታክሮሊመሱን መጠን መቀነስና በደም ምርመራ መከታተል፣ ፍሉኮናዞሉ ሲያልቅም እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል።

ከአፍ ቁስል ይልቅ የሚያስፈራኝ ሳልና ራስ ምታት ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚደብቅ፣ ከሻገተ ጭድ ወይም እህል በሚነሣ ብናኝ የገባ ፈንገስ ሳንባን እየጎዳ ሕመምተኛው እምብዛም ላያተኩሰው ይችላል። በዚህ ላይ አክታው በቅጡ ሳይመረመር ሳሉ ቲቢ ነው ተብሎ ሪፋምፒሲን ከተጀመረለት፣ ይህ መድኃኒት ደግሞ ታክሮሊመስን በፍጥነት ስለሚያስወግድ ኩላሊቱ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። የማይለቅ ራስ ምታት ያለበትንም ሕመምተኛ ማስታገሻ ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ፣ ለኤችአይቪ ሕሙማን የሚደረገውን የክሪፕቶኮከስ (የአንጎል ሽፋንን የሚያጠቃ ፈንገስ) የደም ምርመራ ለእርሱም ማድረግ ይገባል።

የጤና ቢሮው ኃላፊዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ማንኛውም ሐኪምና ፋርማሲስት የፈንገስ መድኃኒት ከማዘዙና ከመስጠቱ በፊት ስለ ንቅለ ተከላ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የታክሮሊመስን መጠን መለካት ነው፤ የማውቃቸው ሕሙማን ለዚህ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የደም ናሙናው ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለቀናት ስለማይበላሽ፣ ደሴ ላይ ተወስዶ ሊላክ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ከደሴ