ተያዥ የሌለው ተመራቂ የት ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሥራ አጥ ተመራቂዎች ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። ስለ ሥራ ልምዱ፣ ስለ መውጫ ፈተናው፣ በዘመድ ስለመቀጠሩ ብዙ ተብሏል። ስለ ተያዥ፣ ማለትም ለተቀጣሪው ዋስ ሆኖ ስለሚፈርመው ሰው፣ ግን ሲወራ ብዙም አልሰማም። ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ገና ከኮሌጅ የወጣን ልጅ «ተያዥ ካላመጣህ አትቀጠርም» ማለት መቅረት አለበት። ቢያንስ ገንዘብና ንብረት ለማይነካ ሥራ መቅረት አለበት።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሲቪ እሠራለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ኮፒ አደርጋለሁ። ድሮ ሥራ ፈላጊው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ ጋዜጣ ተከራይቶ ነበር ማስታወቂያ የሚያነበው። ዛሬ በቴሌግራም ያየዋል። ወረቀቱ ግን አልቀረለትም። አሁንም «ኦሪጅናልና ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» ነው። ስለዚህ ልጆቹን አያቸዋለሁ፣ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ።

አንድ ልጅ ቅጥር ደጃፍ ላይ ለመድረስ ስንት ነገር ያልፋል መሰላችሁ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ከዚያ ማስታወቂያ ያሳድዳል። ግማሹ «2 ዓመት ልምድ» ይላል፣ ለጀማሪ የሥራ መደብ ጭምር። ሌላው ውጤት ቆርጦ ያስቀምጣል። ያኛው የዘንድሮ ተመራቂ ብቻ ይላል፤ አምና የተመረቀው ልምድም የለውም፣ አዲስም አይደለም። ይህን ሁሉ አልፎ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል የጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል። ቃለ መጠይቅ ይገባል። ከዚያ ይደወልለታል። እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ተያዡ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከወሎ ገጠር መጥቶ አካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ነው። ሲቪውን እኔ ነኝ የሠራሁለት። ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ፈተናውን አልፈሃል ብሎ ጠራው። ሲመለስ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ኮፒ ላደርግለት። አነበብኩት። ተያዡ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ ይሁን ይላል። ደመወዙ ከተቀጣሪው አይነስ። ለሌላ ሰው ተያዥ አለመሆኑን መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ያረጋግጥ። ደብዳቤው ማኅተምና ቲተር (የፈራሚው የስም ማኅተም) ይረፍበት። የተያዡ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይያያዝ። ይህ ሁሉ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሟላ ተጠባባቂው ይጠራል።

ልጁ የሚኖረው አጎቱ ጋ ነው። አጎቱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። የአከራዮቹ ልጅ ነርስ ናት። እሷ ደግሞ ለገዛ እህቷ ተያዥ ሆናለች። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያውቀው አንድ ወንድም እሺ አለው፤ ልጁ በደስታ ማመልከቻ ሊያስጽፍ እኛ ጋ መጣ። የዚያ ሰው መሥሪያ ቤት ግን ለዋስትና ደብዳቤ አንሰጥም ብሎ መለሳቸው። ላይ ታች ሲል ቀኑ አለቀ። በሳምንቱ ሲቪውን እንደገና ሊያሳትም መጣ። ምን ብዬ እንደማጽናናው አላወቅኩም። ጉብዝና አልጎደለውም፣ ፈተናውንም አልወደቀም። የጎደለው ከተማው ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ተያዥ ማን ጋ አለ? አባቱ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ አክስቷ ባንክ ያለች፣ ሰፈር ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጋ አለ። የገበሬ ልጅ፣ የጉሊት ነጋዴ ልጅ፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ የለውም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከየክልሉ ልጅ እየተቀበሉ ያስተምራሉ። የድሃው ልጅ ከሌላው እኩል የሚቆመው በዚያ ነበር። ተያዥ አምጣ ሲባል እንደገና የማን ልጅ ነህ ተብሎ እየተጠየቀ ነው።

ለሴቶች ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ዘመድ የሌላት ልጅ የማታውቀውን ሰው ለመለመን ትገደዳለች። እፈርምልሻለሁ ብሎ ስልኳን ተቀብሎ፣ ፊርማውን ዛሬ ነገ እያለ እራት የሚጋብዝ አለ። ይህን የነገረችኝ ልጅ ሥራውን ትታዋለች። ቤተሰቧ ለምን እንደተወችው እንኳ አያውቅም። ይህን የምጽፈው እሷን አስፈቅጄ ነው።

ተያዥ በብር የሚያገናኙ ደላሎች እንዳሉም ልጆቹ ይነግሩኛል። እንግዲህ በብር የተገዛ ተያዥ ስለ ልጁ ጠባይ ምን ያውቃል? አሠሪውስ ምን ዋስትና አገኘ? ብር ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይቀራል፤ በቃ።

አሠሪዎችን በደፈናው መውቀስ አልፈልግም። ገንዘብ ይዞ የሚጠፋ አለ፣ መጋዘን የሚያጎድል አለ። ለካሸር፣ ለስቶር ኪፐር፣ ለሽያጭ ሠራተኛ ዋስትና መጠየቁ ይገባኛል። ግን ሪሴፕሽኒስቷ ምን ይዛ ትሄዳለች? ኮምፒዩተር ላይ መረጃ የሚያስገባው ልጅስ? ለእነሱም ያው ቅጽ ነው የሚሰጣቸው።

ቅጹም ራሱ ችግር አለበት። በእጄ ያለፉት ብዙዎቹ «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላሉ እንጂ የብር መጠን አይጠቅሱም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅጽ ለአሠሪውም ብዙ አይጠቅመውም። ፈራሚውን ግን ያስፈራዋል። ሰዉ ተያዥ ለመሆን እምቢ የሚለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። «ሁሉ» የሚለው ቃል እስከ ምን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ነው። በልጆቹ ፋንታ እኔም ለምኜ አውቃለሁ፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ብር ነው የሚያስይዘኝ?» ብሎ ነው። መልስ የለኝም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅቶች ለሠራተኛ እምነት ማጉደል የሚሆን መድን ይሸጣሉ። አሠሪው ለገንዘብ ያዦቹ ይህን ይግዛ። አዲስ ሠራተኛን ለማየትም ሕጉ ጊዜ ሰጥቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚያ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ሰውን አብሮ ሠርቶ ከማየት የበለጠ ምን ማጣሪያ አለ? የግድ ተያዥ ያስፈልጋል ከተባለም የብሩ መጠን ይጻፍበት። ጊዜውም ይራዘም፤ ልጁ ሥራ ጀምሮ በወር ወይም በሁለት ወር ያምጣ። ያን ጊዜ ባልደረባ ያገኛል፣ የሚያውቀው ሰው ያገኛል። ዲግሪውን የሰጠው ዩኒቨርሲቲም ስለ ልጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ዋጋ ይኑረው። አራትና አምስት ዓመት ያስተማረው እሱ ነው፣ ከማንም ደላላ ይበልጥ ያውቀዋል።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነገሩን ቢያየው ደስ ይለኛል። በየድርጅቱ ፍላጎት ብቻ የሚወሰን መሆን የለበትም። የትኛው የሥራ መደብ ተያዥ ያስፈልገዋል፣ የትኛው አያስፈልገውም የሚል ግልጽ መመሪያ ቢወጣ ብዙ ልጅ እፎይ ይላል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ታትማላችሁ። ማስታወቂያ የሚያመጣላችሁን ድርጅት «ተያዥ ትጠይቃላችሁ ወይ?» በሉልን። የሚጠይቅ ከሆነ ከውጤቱና ከልምዱ ጎን ይጻፍ፤ ምን ዓይነት ተያዥ፣ እስከ ስንት ብር የሚለው ጭምር። ልጁ የታክሲ ተበድሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ ለእናቱ ደውሎ «ተቀጠርኩ» ካለ በኋላ ከሚሰማው፣ ገና ማስታወቂያውን ሲያነብ ይወቀው።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ሠራተኛ፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ