የሞተር ብስክሌት ጎማ በመንገዱ ይመረጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በጎንደር ዙሪያ ለሥራ በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ጎማ ሲገዙ የጥርሱን ትልቅነት ብቻ አይተው መወሰናቸው ስለሚያሳስበኝ ይህን ጽፌያለሁ። ጥርሱ ትልቅና የተራራቀ ጎማ በክረምት የደምቢያን ዋልካ ለመሻገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አስፋልት የሚነካበት ስፋት አነስተኛ በመሆኑ፣ በተለይ መንገዱ በዝናብ ሲርስ፣ ፍሬን ሲያዝ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ በአስፋልት ላይም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አብዛኛውን ጉዞውን፣ ለምሳሌ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን፣ በአስፋልት አድርጎ ጥቂቱን ብቻ በኮረኮንች ለሚጨርስ ሰው ጥርሱ መካከለኛና የተቀራረበ ጎማ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የጎማው ዕድሜም ሊታይ ይገባል። በጎኑ ላይ DOT ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚታተመው የዶት ኮድ የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ምንም ሳይነካ መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ አዲስ መምሰሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በጭቃ ላይ የጎማውን ነፋስ መቀነስ ይረዳል። ሆኖም በዚያው ነፋስ ድንጋያማ መንገድ ውስጥ መግባት የውስጡን ጎማ በቸርኬው አስነክሶ ያስቀድዳል፤ አስፋልት ላይ ሲወጣም ነፋሱ ወደ መደበኛው መጠን መመለስ አለበት። የከተማችን ጎማ ሻጮችና ጎሚስታዎች ደንበኛው በየትኛው መንገድ እንደሚጓዝ አስቀድመው ቢጠይቁና የምርት ጊዜውን ቢያሳዩት የብዙዎችን ጉዳት ይቀንሳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር